ሁለት መቶ ሰሃን ሣር

የዚያን ዓመት የመጋቢት ፀሐይ ፊት ታቃጥል ነበር፤ እግር ግን ያው በብርድ እንደ ደረቀ ነው። ሌሊት የጠጠረው በረዶ ጠዋት ጠዋት ሰው ይሸከማል፤ በአጥሩ ላይ፣ በቁጥቋጦው ላይ፣ ሐይቁን ሁሉ አቋርጦ ያለ መንገድ መሄድ ይቻላል። ሽማግሌው ያፏጫል፤ አሮጊቷ ጓንቷን አውልቃ የት እንዳስቀመጠችው ትረሳለች። ብርሃኑ ከላይም ከታችም ስለሚመጣ ዓይን ያለቅሳል። የምናለቅሰው በፀሐዩ ነው እንላለን፤ ጠያቂም የለ።

በሰሜኑ አገራችን፣ እኛ በምንኖርበት በኮይቩ መንገድ፣ ያ ወቅት ሲመጣ አንድ ክፉ ዓመል ይዞ ይመጣል። በረዶው መሃል መጀመሪያ ተገልጦ የሚወጣውን ጥቁር መሬት “ፓልቪ” እንለዋለን። የማን ግቢ ቀድሞ ፓልቪ አወጣ? ዳኛ የለው፣ ሽልማት የለው፣ ግን ጡረታ የወጡ ትልልቅ ሰዎች ከመጋረጃ ጀርባ ቆመው የጎረቤት ግቢ ይሰልላሉ። ስድስት ወር በረዶ ሥር የኖረ ሰው ሰሃን የምታህል መሬት ሲያይ ርስት የወረሰ ይመስለዋል። እንዲህ ነን። ከዚህ የተሻለ ጉዳይ ቢኖረን ኖሮ ይኼ ታሪክም ባልኖረ።

ታውኖ ሂርቮነን ያን ጊዜ ሰባ ስድስት ዓመት ሞልቶት ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የከተማውን የበረዶ መጥረጊያ መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። “በረዶን እንደ እኔ የገፋው የለም፤ ምን እንደሆነ ሳይገባው የቀረም እኔው ነኝ” ይል ነበር ኋላ ላይ፣ ነገሩ ሁሉ ካለፈ በኋላ።

ሰውየው የሚታወቀው ግን በመኪናው ሳይሆን በሣሩ ነው። ቤቱን በሠራ ዓመት ግቢው ድንጋይና የጥድ ሥር ብቻ ነበር። አፈሩን በተጎታች እያመጣ፣ ዘሩን በእጁ እየበተነ፣ በሦስተኛው በጋ እንደ ቢሊያርድ ጠረጴዛ አደረገው። ከአራት ጣት አሳጥሮ አያጭደውም። ከነሐሴ በኋላ ማዳበሪያ አያስነካውም፤ “ጠግቦ የተኛ ሣር በብርድ ይሞታል” ይላል። የወደቀውን ቅጠል ሳይበሰብስ ይለቅማል። የዳር ዳሩን ለማስተካከል ባለቤቱ ሲርካ ልብስ የምትሰፋበትን መቀስ ይወስድ ነበርና እሷ፣ ነፍሷን ይማርና፣ አንድ ቀን መቀሱን ትራሷ ሥር ደብቃ ተኝታለች።

ከሕጎቹ ሁሉ የበለጠው ግን ይኼ ነው፦ አመዳይ የወረደበት ሣር አይረገጥም። አመዳይ ያደረቀው ሣር ሲረገጥ ይሰበራል፤ የረገጠው እግር ጠቁሮ ይታተምና እስከ በረዶው ድረስ ሳይጠፋ ይቆያል።

አንድ የጥቅምት ማለዳ ሴት ልጁ ኦይሊ፣ ያን ጊዜ ትንሽ ልጅ ናት፣ አባቷ ጓንቱን ረስቶ ወደ ሥራ ሲወጣ አየችና ይዛለት ሮጠች። በጠጠሩ መንገድ ዞራ ብትሄድ አትደርስበትም፤ በሣሩ መሃል አቋርጣ ሄደች። ጓንቱን ተቀበላት። ማታ ተመልሶ ሲያይ አሥራ አንድ ጥቁር የእግር አሻራ ሣሩ ላይ ቆሟል። አልመታትም፣ አልጮኸባትም፤ ታውኖ የሚጮህ ሰው አይደለም። በየአሻራው ዙሪያ አራት አራት እንጨት ተከለና ገመድ አሰረበት። ሌላ ሰው እንዳይደግመው ነው አለ። እኛም አላፊ አግዳሚው “የኦይሊ መቃብር ጎበኛችሁ?” እየተባባልን ስቀናል። ልጅቱ ደብተሯን ደረቷ ላይ ይዛ በመሃላችን ወደ ትምህርት ቤት ታልፍ ነበር። እንጨቱ በረዶ እስኪውጠው ድረስ ቆመ። አንድ ሰው እንኳን “ታውኖ፣ ተው” አላለም። እኔን ጨምሮ።

ኦይሊ አደገች፣ ዮኤንሱ ከተማ ሄደች፣ ነርስ ሆነች፣ ወለደች። የምትመጣው ለገና ብቻ ነው። ገና ላይ ሣሩ ጉልበት የሚያህል በረዶ ሥር ነው፤ የሚረገጥ ነገር የለም። ሲርካ ከሞተች በኋላም እንደዚያው። ለሃያ ስድስት ዓመት የአባቷን ግቢ በበጋ አላየችውም።

እንግዲህ በዚያ መጋቢት ስልክ ተደወለ። የልጅ ልጁ ኢሎና ናት።

“አባባ፣ ፈተናውን ጨረስኩ። ነጩን ቆብ ልጭን ነው።”

“ጎበዝ! ከሂርቮነን ወገን የመጀመሪያዋ ነሽ። እኛ ጭንቅላታችን ላይ ያወጣነው መላጣ ብቻ ነው።”

“ድግሱን አንተ ግቢ እናድርገው? የእኛ ቤት በረንዳ ሦስት ሰው አይችልም።”

ታውኖ ቀስ ብሎ፣ “እናትሽስ?” አላት።

“እማማ ‘እሱ ሣሩ ላይ ሰው አያስቆምም’ አለች። እኔ ግን እጠይቀዋለሁ አልኳት።”

“ይቆማል በያት” አለ ታውኖ። “መላው ዘመድ ይቆምበታል። እሷም። በመሃሉ።”

ስልኩን ዘግቶ ወደ መስኮቱ ሄደ። ከመስኮቱ ግማሽ ድረስ በረዶ ነው። ሁለተኛ ደረጃ የጨረሱ ልጆች የሚመረቁበት የነጩ ቆብ ቀን በሰኔ መጀመሪያ ቅዳሜ ነው፤ በዚያ ቀን አገሩ ሁሉ ይደግሳል፣ ለሌላ ቀን አይተላለፍም። እንዲህ በረዶ በከበደበት ዓመት ደግሞ የእኛ ሣር ከሰኔ አጋማሽ በፊት አይለመልምም። ኦይሊ ከሃያ ስድስት ዓመት በኋላ በበጋ ልትመጣ ነው፤ የሚያስረግጣት ሣር ግን የለውም። ልጁን ለመቅረብ ያለው ይኼ አንድ ቀን ነው፤ ካመለጠው ሌላ እንደማያገኝ ታውኖ አውቆታል።

ያኔ ነው አመዱ ትዝ ያለው።

እያንዳንዱ ቤት የሳውናውን ምድጃ አመድ ክረምቱን ሙሉ በባልዲ ያጠራቅማል። መጋቢት ሲመጣ የድንች መደቡ በረዶ ላይ ይበትነዋል፤ ጥቁሩ አመድ ፀሐይ ይስብና በረዶው በሁለት ሳምንት ቀድሞ ይሟሟል። አያት ቅድመ አያት የሚያውቁት ዘዴ ነው። ታውኖ የራሱን አመድ ጨረሰና ተንሸራታች የበረዶ ጋሪውን እየጎተተ ቤት ለቤት ዞረ።

“ሰውዬ፣ አመድ ትለምናለህ?” አለው ኡንቶ፣ ከመንገዱ ማዶ ያለው ጎረቤቱ። “እኛ ቤት ዳቦም አለ እኮ።”

“ዳቦው እንደ ሚስትህ ምላስ ደረቅ ነው ብለውኛል። አመዱን ስጠኝ።”

“ሰምቻለሁ!” አለች ሚስቱ ሄልቪ ከውስጥ። “አመዱን ስጠው ኡንቶ፤ ፊቱ ላይ ይነስንሰው።”

“የት ልትበትነው ነው?” አለ ኡንቶ።

“ሣሩ ላይ። ዘንድሮ የመጀመሪያው ፓልቪ የእኔ ነው።”

“አንተማ ፓልቪህን ካወጣህ ሠላሳ ዓመት ሆነህ፤ ኮፍያህን ብታወልቅ ይታያል።”

ሳቁ፤ አሥራ ሰባት ባልዲ አመድ ተሰበሰበ። ከእኔም ቤት ሦስት ባልዲ ወጥቷል። ታውኖ ያን ሁሉ ነጭ ግቢ እንደ ከሰል መጋዘን አጠቆረው። በዘጠነኛው ቀን ፓልቪ ወጣ፤ በአሥራ አራተኛው ቀን ሣሩ በሙሉ ተገለጠ። የሌላው ሰው ግቢ ገና ወገብ ያህል በረዶ ተሸክሟል። ታውኖ ወንበር አውጥቶ መሃሉ ላይ ተቀመጠ፤ መነጽሩን አድርጎ ጋዜጣ አነበበ። ጋዜጣው የሦስት ቀን ነው፤ ዋናው መታየቱ ነው። በየመስኮቱ መጋረጃው ተነቃነቀ።

ከዚያ ብርዱ ተመለሰ። መሬቱ ከሥር ገና አልቀለጠም ነበርና የሟሟው ውሃ የሚሰርግበት አጥቶ እላዩ ላይ ተኝቶ ነበር። ከዜሮ በታች አሥራ ስድስት ሲገባ ግቢው በሙሉ መስታወት ሆነ። ሦስት ሳምንት ሳይላቀቅ ቆየ።

“ታውኖ፣ የሸርተቴ ሜዳ ከፈትክ አሉ” አለ ኡንቶ በአጥሩ ላይ።

ሄልቪ ግን ጉዳዩ ገብቷታል፤ ሻርፗን አስራ መጣችና ታውኖ አጠገብ ቆመች።

“ምን አደረግህ አንተ?”

“ለድንች መደብ የማደርገውን ነው ያደረግሁት።”

“ድንቹ እኮ በመጋቢት መሬት ውስጥ የለም! ጓዳ ነው ያለው፣ በሣጥን ውስጥ፣ እየሞቀው! ሣሩ ግን እዚሁ ነው የተኛው። በረዶ ለሣር ብርድ ልብሱ ነው። አንተ በብርድ መሃል ብርድ ልብሱን ገፍፈህ፣ ውሃ ደፍተህበት፣ ራቁቱን አስተኛኸው።”

አርባ ዓመት ስለ ሣር ሲያስተምረን የኖረ ሰው ድንች ጓዳ እንደሚከርም አላሰበም። እኛ አሥራ ሰባት ባልዲ የሰጠነውም አላሰብንም። ከመንደሩ ሁሉ አንዲት ሴት ብቻ ናት ያሰበችው፤ እሷም ካለፈ በኋላ ነው።

በግንቦት መጀመሪያ ሣሩ የገለባ መልክ ይዞ ወጣ። ታውኖ ተንበርክኮ ሲስበው እንደ በሽተኛ ፀጉር እፍኝ እፍኝ ሆኖ በእጁ ቀረ። ተጠቅልሎ የሚሸጥ ሣር ለማዘዝ ወደ ከተማ ደወለ፤ “ከሰኔ አጋማሽ በፊት ሣራችን ከመሬቱ ተቆርጦ አይነሣም” አሉት። ዘር ዘራ፤ አፈሩ ቀዝቃዛ ነውና ዘሩ በተኛበት ቀረ። ወፍ በላው። ሦስት ሌሊት እንቅልፍ አጣ። ለኦይሊ ደውሎ “አትምጪ” ማለት ይችላል። ስልኩን ሁለት ጊዜ አንስቶ ሁለት ጊዜ መለሰው።

አንድ ቀን የሄልቪ ወጥ ቤት ተቀምጦ ሳለ መስኮቱ ላይ አንድ ሰሃን አየ። በፋሲካ ጊዜ ልጆች ሰሃን ላይ አፈር አድርገው የሣር ዘር ይዘሩና ቤት ውስጥ ያበቅላሉ፤ በዐሥር ቀን ጣት ያህል ይሆናል፤ በመሃሉ ትንሽ የጫጩት አሻንጉሊት ያቆሙበታል። የሄልቪ የልጅ ልጆች ትተውት የሄዱት ገና አረንጓዴ ነበር። ታውኖ ያንን ሰሃን ትኩር ብሎ አየ፣ አየ፣ ከዚያ ቡናውን ሳይጨርስ ተነሥቶ ወደ ሱቅ ሄደ።

“የፋሲካ ሣር ዘር አለህ?” አለው ባለሱቁን።

“ታውኖ፣ ፋሲካ ካለፈ አምስት ሳምንት ሆነው። ክርስቶስ ተነሥቷል።”

“የእኔ ሣር ግን አልተነሣም። ስንት ፓኬት ተርፎሃል?”

“አንድ ካርቶን ሙሉ።”

“አምጣው። ጫጩቱ ይቅርብኝ።”

ከዚያ ወዲያ ቤቱ ቤት መሆኑን ተወ። ጠረጴዛው ላይ ሰሃን፣ አልጋው ላይ ሰሃን፣ የሳውናው መደርደሪያ ላይ ሰሃን፣ የሲርካ የልብስ ስፌት መኪና ላይ ሰሃን። የራሱ ዕቃ ሲያልቅ ወደ እኛ መጣ፤ ትንሽ ያፈረ ይመስል ነበር፣ ግን መጣ። ትሪ ሰጠነው፣ የኬክ ማውጫ ሰጠነው፣ ድመት የምትበላበትን ሳይቀር ሰጠነው። አመድ ስንሰጠው ያጠፋነውን በሰሃን የምንክስ ይመስል። ሄልቪ የሠርጓን ሰሃኖች አወጣች፣ ዳር ዳሩ ወርቅማ የሆነውን። በጠቅላላው ሁለት መቶ አሥራ አራት ሆነ። ታውኖ በውሃ መርጫ ሲዞር ይውላል፤ የሚተኛው የወጥ ቤቱ አግዳሚ ላይ ነው። “በስተርጅና ሕፃናት ማቆያ ከፈትኩ፤ ሁሉም ውኃ ውኃ ይላሉ” አለ።

ዋዜማው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ያንን ሁሉ ከግቢው በር አንሥቶ እስከ በረንዳው ድረስ ተከለው። ሙሉ ግቢውን አልሸፈነም፤ እንግዳ የሚያልፍበትንና ፎቶ የሚነሣበትን ብቻ። የኬክ ማንሻ ማንኪያ ይዞ ክቡን ክብ፣ አራት ማዕዘኑን አራት ማዕዘን እያነሣ አስቀመጠ። ከሩቅ ላየው ሣር ነው። ከቅርብ ላየው የሰሃን መደርደሪያ ነው።

ቅዳሜ እኩለ ቀን እንግዳ መጣ። ዘመድ መጣ፣ ሰፈሩ መጣ፣ በሩዝ የተሞላው የጥቁር ዱቄት ቂጣ መጣ፣ ኬክ መጣ። ሰው ሁሉ ግን በጠጠሩ መንገድ ዳር ዳሩን ተጠጋግቶ እንደ አውቶቡስ ጠባቂ ተሰልፎ ቆመ።

“ግቡ እንጂ!” አለ ታውኖ። “ርገጡት!”

“ይቅርብን” አለ ኡንቶ። “አርባ ዓመት ሙሉ ጮኸህብናል፤ እግሬ እንቢ አለኝ።”

“መቼ ጮህኩ?”

“በዓይንህ ነው የምትጮኸው።”

ኢሎና ነጩን ቆብ ጭና ከመኪናው ወረደች። እናቷ ከኋላዋ ናት። ኦይሊ በሩ ላይ ቆመችና ሣሩን አየች። ከዚያ አባቷን አየችው።

“አባዬ፣ በየት በኩል ልለፍ?”

“በመሃል።”

“በመሃል ሣር አለ።”

“አውቃለሁ። እኔ ነኝ ያስቀመጥኩት።”

ቃሉ አምልጦት ነው። ኦይሊ አንድ እግሯን አነሣችና ረገጠች። ሁለተኛውን ረገጠች። በሦስተኛው ላይ ሣሩ ተረከዟ ሥር ተንሸራቶ አብሯት ሄደ፤ ኦይሊ በአዲሱ ቀሚሷ ቁጭ አለች። አጠገቧ ክብ ሣር እንደ ተገለበጠ ቂጣ ሥሩን ወደ ላይ አድርጎ ወደቀ።

“እማ!” አለች ኢሎና።

ማንም አልሳቀም። በእኛ ዘንድ ይኼ ብርቅ ነው። ኦይሊ ሣሩን አንሥታ አገላብጣ አየችው።

“ይሄ ክብ ነው።”

“ሰሃን ነው” አለ ታውኖ።

“የምን ሰሃን?”

“የሄልቪ። የሠርጓ።”

“ዳሩ ወርቅ ነው!” አለች ሄልቪ ከጠጠሩ ላይ። “አንዱን ሰብሮብኛል፤ አልረሳሁም!”

ታውኖ መደበቂያ አልቀረለትም። ልጁ ፊት እርጥብ አፈር ላይ ቁጢጥ አለና ሁሉን ነገራት፦ አመዱን፣ ፓልቪውን፣ ጋዜጣውን፣ መስታወቱን፣ የድንቹን ጉዳይ፣ የሱቁን ካርቶን። ሲናገር ዓይኑ እሷ ላይ ሳይሆን ሣሩ ላይ ነበር። የኦይሊ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ያለቀሰች መሰለው። ቀና ሲል እየሳቀች ነው፤ ድምፅ የሌለው፣ የሲርካ ዓይነት ሳቅ።

“ስንት ሰሃን?” አለችው።

“ሁለት መቶ አሥራ አራት።”

“አብደሃል።”

“ካበድኩማ ቆይቻለሁ።” ከዚያ እዚያው ቁጢጥ እንዳለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “ያኔ ጓንቱን ስታመጪልኝ... ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር” አላት።

“አሥር።”

“አሥር። ጓንቱ ጠቅሞኛል። በጣም ይበርድ ነበር ያን ቀን። አልነገርኩሽም።”

“አልነገርከኝም” አለች ኦይሊ። ሳቋ ቆሟል። ጭቃውን ከእጇ አራገፈች። “ዛሬ የኢሎና ቀን ነው አባዬ። ይሄን ሌላ ጊዜ እናወራዋለን።”

ጫማዋን አውልቃ ተነሣችና በባዶ እግሯ በረንዳው ድረስ ሄደች። ኢሎና ተከተለች፣ ዘመድ ተከተለ፣ በመጨረሻ እኛ ሁላችን ገባን። በዐሥራ አንድ ሰዓት ያ ግቢ ከብት የዋለበት መሰለ። ተረከዝ እየሰመጠ፣ ሰሃን ሰሃኑ ሣር እየተገለበጠ፣ ኡንቶ ሁለት ጊዜ ወድቆ ሁለተኛውን ሆን ብሎ ነው አለ። የተነሣው ፎቶ ላይ ሁሉም ሰው ጉልበቱ ድረስ ጭቃ ነው፤ ቆቡ ብቻ ነው ነጭ።

የፋሲካ ሣር ሥር የሚሰድ ዘር አይደለምና በሐምሌ ደርቆ አለቀ። በቦታው ማንም ያልዘራው ማገጥና ቢጫ አበባ ወጣ። ታውኖ አላረመውም። ሄልቪ “ግቢህ እኮ ዱር ሆነ፤ ዘሩ በነፋስ ወደ እኔ እየመጣ ነው” ብትለው፣ “ሰሃን አምጥተሽ ተቀበይው” አላት። ሰሃኖቻችንን አጥቦ መለሰልን፤ የማን የማን እንደሆነ ተምታቶበት እስከ ዛሬ በሰው ትሪ የምንጋግር አለን።

ኦይሊ በጥቅምት መጣች፤ ከበረዶው በፊት። ሁለት ቀን ቆየች። ምን እንዳወሩ የሚያውቅ የለም። መጋረጃ ከፍተን ያልጠበቅን መስኮት አልነበረም፣ ግን ከመስኮት ከንፈር አይነበብም። በሁለተኛው ቀን ታውኖ አልቅሷል የሚሉ አሉ፤ ሽንኩርት ሲከትፍ ነው የሚሉም አሉ።

በቀጣዩ ዓመት ቤቱን ለአንድ አስተማሪ ቤተሰብ ሸጠ። አሁን ዮኤንሱ ከተማ፣ ከኦይሊ ቤት ሁለት መንገድ አልፎ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለ አንድ ክፍል ቤት ተከራይቶ ይኖራል። ሄልቪ ባለፈው ኅዳር ለዓይኗ ሕክምና እዚያ ስትሄድ የአውቶቡስ ማቆሚያው ላይ አግኝታዋለች፤ ከኦይሊ ጋር ነበር።